«ይሁን» በየትኛው ድምፅ?

አንድ ሰው ነበር። ስሙ ስለወጣበት ቀን ሁለት ሴቶች ሁለት የተለያየ ነገር ይናገራሉ።

አንደኛዋ ያሳደጉት አክስቱ ናቸው። እሳቸው እንዲህ ይላሉ፦ «ልጁ በተወለደ ዕለት ግራ እግሩ ወደ ውስጥ ዞሮ ነበር። ወንድሜን ጠርተን አሳየነው። አየና ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። ረጅም ትንፋሽ አወጣና ‹እንግዲህ… ይሁን› አለ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ስም አላወጣለትም፤ እኛም በዚያው ጠራነው።»

ሁለተኛዋ ያዋለዱት አሮጊት ናቸው። እሳቸው ደግሞ እንዲህ ይላሉ፦ «አባትየው ገባ። ያችን የዞረች እግር በመዳፉ ያዛት፤ ልክ አሁን የተፈለፈለች ጫጩት እንደሚይዝ ሰው። ከዚያ መንገድ ላይ ሰው ቢያልፍ በሚሰማው ድምፅ ‹ይሁን!› አለ። ዓለም ጨለማ ሳለች ብርሃን የተጠራበትን ቃል ነው የጠራው።»

ቃሉ አንድ ነው። ቤቱ አንድ ነው። ቀኑም አንድ ነው። አንዷ ተስፋ የቆረጠ አባት ሰሙ፤ አንዷ የሚባርክ አባት ሰሙ። ሁለቱም እዚያው ነበሩ። ሁለቱም ሲዋሹ ታይተው የማያውቁ ሴቶች ናቸው። አባትየው ልጁ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ሞተ። እናትየው በዚያች ሰዓት ከምጥ ብዛት ራሷን ስታ ስለነበር ምንም አልሰማችም፤ እሷም ብዙ ሳትቆይ ባሏን ተከተለች። ሦስተኛ ምስክር የለም።

እናንተ ብትሆኑ የቱን ታምናላችሁ? አትቸኩሉ። መጀመሪያ ሰውየውን እንየው።

ይሁን እስከ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ድረስ የሚያውቀው የአክስቱን ብቻ ነበር። እትዬ ስመኝ ነገሩን በክፋት አልነገሩትም። ልጅ ሳለ እግሩን በቅቤ እያሹ፣ እያለቀሱም ነበር የሚነግሩት። «አባትህ ችሎ ተቀበለህ፤ አንተም ቻል የኔ ልጅ» ይሉት ነበር። ልጁም ቻለ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ መቻል ብቻ ሥራው ሆነ።

የእትዬ ስመኝ ባል ጋሼ ደርሰህ በጎጃም በአንዲት ትንሽ ከተማ የእህል ወፍጮ ነበራቸው። ይሁን ያደገው እዚያ ነው፤ ሽፋሽፍቱ ዱቄት ሳይለብስ የዋለበት ቀን የለም። እግሩ ቢያነክስም ጆሮው ሌላ ነበር። ወፍጮው እየተንጓጓ፣ ሰው ሁሉ እየተጯጯኸ፣ እሱ ከጓሮ ሆኖ «ጋሼ፣ ድንጋዩ ልሷል!» ይላል። ከፍተው ሲያዩት እውነትም ልሷል። የወፍጮ ድንጋይ ብዙ ሲፈጭ ይለሰልሳል፤ ያን ጊዜ እህሉን አሙቆ ያሳልፈዋል እንጂ አይፈጨውም። ሞተሩ ይቆምና የላይኛው ድንጋይ ተነሥቶ በመውቀሪያ ይወቀራል፤ ማለትም እንደገና ሻካራ ይደረጋል። ይህን እንደ ይሁን አድርጎ የሚሠራ በዚያ አገር አልነበረም።

ግን ምን ዋጋ አለው? የድንጋዩን ድምፅ የሚለየው ሰው የራሱ ድምፅ አልነበረውም።

ተራ የያዙት ሴቶች ይቀልዱበታል።

«ይሁን፣ የኔን አስቀድምልኝ!» ትላለች አንዷ።

«ይሁን» ይላል እሱ።

«የኔንስ? ከማለዳ ጀምሮ እዚህ ነኝ!»

«ይሁን።»

«ኧረ ይሄ ሰው ስሙ ነው መልሱ?»

«አትድከሚ እቴ! ስሙን ከጠራሽው እሺ ብሎሻል ማለት ነው!»

እሱም አብሯቸው ይስቃል። ማታ እግሩን ሲያጥብ ግን አይስቅም።

አንድ ቅዳሜ፣ የገበያ ቀን፣ ጤናዬ የምትባል ሴት ከወንዝ ማዶ መጣች። ጤፏን አስፈጭታ ከጨረሰች በኋላ አልሄደችም፤ ይሁንን ጠብቃ ወደ ዳር ጠራችው።

«የኛን ወፍጮ ሰምተሃል?» አለችው።

«ሰምቻለሁ። ማኅበራችሁ አስተከለ አሉ።»

«ተከሉልን፣ ሄዱ። ስምንት ወሩ። የሚያንቀሳቅሰው ሰው ጠፍቶ አሁን ዶሮ እንቁላል እየጣለችበት ነው። እኛም ይኸው እህል አዝለን አራት ሰዓት ቁልቁለትና ዳገት፣ ዱቄት አዝለን እንደገና አራት ሰዓት። ባለፈው ክረምት አንዲቱ ነፍሰ ጡር ወንዙ ዳር ከነጤፏ ተንሸራታ ወደቀች። እሷ ተረፈች። ልጇ አልተረፈም።»

ይሁን ከሽፋሽፍቱ ዱቄቱን ጠረገ።

«አንተ መጥተህ አስነሣልን። አንድ ዓመት ከኛ ጋር ተቀመጥ። ሴቶቹን አስተምር፤ አምስት ሆነን ከአንተ እንማራለን።»

ይሁን እግሩን አየ። ጤናዬም እግሩን ሲያይ አየችው።

«እግርህን አይደለም የምንፈልገው፤ ጆሮህን ነው» አለችው። «ለእግር በቅሎ አለችን።»

በዚያች ሰዓት በይሁን ደረት ውስጥ አንድ ነገር ብድግ አለ። በሕይወቱ ማንም «አንተን እንፈልጋለን» ብሎ ወንዝ ተሻግሮ መጥቶለት አያውቅም። መሄድ ፈለገ። በጣም ፈለገ። አፉን ሲከፍት ግን የወጣችው ያችው የለመዳት ቃል ነበረች፣ ያውም ዝቅ ባለ ድምፅ፦ «ይሁን።»

«እሰይ!» አለች ጤናዬ። «የዛሬ ሳምንት በቅሎዋን ይዤ እመጣለሁ!»

ከሰዓት በኋላ ጋሼ ደርሰህ ጠሩት። ወሬው ደርሷቸዋል።

«ልጄ፣ በዚህ እግር ያንን ቁልቁለት?» አሉት። ድምፃቸው የሚያሳዝን ነበር። «እኔም ዓይኔ እየደከመ ነው፤ ዛሬ ስንዴውንና ገብሱን አሳሳትኩ። ከእንግዲህ ወፍጮውን አንተ ትይዘዋለህ፤ እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ አያለሁ። ከአንተ ሌላ የማምነው የለኝም። አትሄድም አይደል?»

እኚህ ሰው አሳድገውታል። ሲታመም ተሸክመውታል። ምን ይበላቸው?

«ይሁን» አለ።

ጋሼ ደርሰህ እፎይ ብለው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት፤ ለጎረቤትም ነገሩ።

አትሳቁ ወገኖቼ። ለሁለት ሰው በአንድ ቀን እሺ ያለ እዚህ የለም? አንዱን ላለማስቀየም፣ ሌላውንም ላለማሳዘን፣ በመካከል ራሱን ያጣ እዚህ የለም?

እስከ ሐሙስ ከተማው በሙሉ ሁለት ሆነ። «ይሄዳል» የሚል አለ፣ «ይቀራል» የሚል አለ። እትዬ ስመኝ እራት እያቀረቡ፣ «ለመሆኑ የዋሸኸው ለማን ነው? ለባሌ ነው ለሴትዮዋ?» ብለው ጠየቁት። አስቡት፤ ለማንም አልዋሸም። እውነትም አልተናገረም። ምንም አልተናገረም።

በማግሥቱ ጠዋት ላዋለዱት አሮጊት ዱቄት ይዞ ሄደ። እማማ ያልጋነሽ ይባላሉ፤ ከቤት መውጣት ስለተቸገሩ እህላቸውን ፈጭቶ የሚያደርስላቸው እሱ ነው። በረንዳ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ።

«ለሁለት ቤት የታጨህ ሙሽራ መጣህ?» አሉት ገና ከበሩ።

«እርስዎም ሰሙ?»

«እግሬ እንጂ ጆሮዬ አልከዳኝም። የቱጋ ልትዳር ነው?»

ይሁን ዱቄቱን አወረደና ደረጃው ላይ ተቀመጠ። «ምን ላድርግ እማማ? ስሜም ይኸው ነው። አባቴ ባየኝ ጊዜ ተስፋ ቆርጦ ያወጣልኝ ስም።»

አሮጊቷ እጃቸው ሰፌዱ ላይ ቆመ። «ምን ቆርጦ አልክ?»

ያኔ ነው ሁለተኛውን ታሪክ የነገሩት። መዳፉን፣ ጫጩቷን፣ ከፍ ያለውን ድምፅ።

ይሁን ወደ እሳቸው ዞረና፣ «ሠላሳ አንድ ዓመት! ለምን እስከዛሬ አልነገሩኝም?» አለ።

«መቼ ጠየቅኸኝ? የምታውቅ መስሎኝ!»

«እትዬ ስመኝ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፣ ተነፈሰ ነው የሚሉት።»

አሁን አድምጡ። እኚህ አሮጊት ምን ማለት ይችሉ ነበር? «ስመኝ ዋሽታለች» ማለት ይችሉ ነበር። አላሉም።

«ስመኝ አትዋሽም» አሉት። «እሷ በር ላይ ነበረች፣ ጀርባውን ነው ያየችው። እኔ ፊት ለፊቱ ነበርኩ። ግን እኔም አርጅቻለሁ ልጄ። ስለምወድህም ይሆናል እያማረ የታወሰኝ። እሷም የዚያን ጊዜ ስለ ወንድሟ ፈርታ ስለነበር ይሆናል እያዘነ የተሰማት። አላውቅም።»

«ታዲያ እንዴት አድርጌ ልወቅ?»

«አንተ ድንጋይ ሲናገር ትሰማለህ ይሉሃል። እስቲ ንገረኝ፤ የዛሬ ሠላሳ አንድ ዓመት የወጣ ድምፅ ዛሬ ይሰማል?»

«አይሰማም።»

«እንግዲያው አባትህ ተናግሮ ጨርሷል። አሁን ተራው ያንተ ነው። በላት እስቲ።»

ይሁን አፈረ። ግን አለ፦ «ይሁን።»

እማማ ያልጋነሽ በሌለ ጥርሳቸው ሳቁ። «ይቺ የአክስትህ ናት! የራስህን በል።»

አልደገመውም። ተነሥቶ ወጣ። ወደ ወፍጮ ቤቱ ሲመለስ ግን እግሩን እያየ አልነበረም የሚራመደው።

ያን ዕለት ከቀትር በኋላ ሞተሩን አቆመና የላይኛውን ድንጋይ አነሣ። መውቀሪያውን ይዞ ተቀመጠ። ድንጋዩ እንደ ብርጭቆ ልሶ ነበር። ለመጣው ሁሉ፣ ለጤፉም ለማሽላውም ለባቄላውም፣ ሁሉን እሺ ብሎ ያሳለፈ ድንጋይ። ይሁን ጣቱን አሻሸበት፤ ምንም አልያዘውም። ከዚያ መምታት ጀመረ። እስኪመሽ ወቀረ። ጋሼ ደርሰህ ከወንበራቸው ሆነው እያዩት ደስ አላቸው፤ «አሁን ገና ባለቤቱ ሆነ» አሉ በልባቸው።

ቅዳሜ ሆነ። ገበያው ሞላ፣ ወፍጮ ቤቱ ሞላ። ጤናዬ ከሁለት ሴቶች ጋር በቅሎዋን ይዛ በር ላይ ቆመች። ጋሼ ደርሰህ ወንበራቸው ላይ ናቸው። ሁሉም ይጮኻል፦ «ይሁን ተራዬ ነው!» «ይሁን ከረጢቴን አየኸው?»

ይሁን ሞተሩን አጠፋው።

«ምነው? ናፍጣ አለቀ?» አለች አንዲት ሴት። ያ ቤት በገበያ ቀን ጸጥ ብሎ አያውቅም ነበር።

«ጋሼ» አለ ይሁን። «ጤናዬ፣ አንቺም ግቢ። ባለፈው ቅዳሜ ለሁለታችሁም ‹ይሁን› ብያችኋለሁ። ሁለታችሁንም ደስ ላሰኝ ብዬ ሁለታችሁንም በደልኩ። ይቅር በሉኝ። ዛሬ ግን ከልቤ ልናገር። እሄዳለሁ።»

ከኋላ የቆሙትም ሰሙት።

«ለአንድ ዓመት እሄዳለሁ። ጋሼ፣ ድንጋዩን ትናንት ወቅሬዋለሁ። ሲልስ መልእክት ይላኩብኝ፤ መጥቼ ወቅሬልዎ እመለሳለሁ። ገብሱን ከስንዴው የሚለይልዎ ሰው ሳላገኝልዎ አልሄድም ብዬ እትዬ ስመኝን ዛሬ ጠዋት ለምኛቸው እሺ ብለዋል። ከእሳቸው የተሻለ ዓይን እዚህ ከተማ የለም።»

«ኧረ እግርህስ?» አለች ያችው ሴት።

«እግሬማ እንደዚሁ ነው» አለ ይሁን። «አልተቃናም። በበቅሎ እሄዳለሁ።»

ሴቶቹ ሳቁ። እሱም ሳቀ። ጋሼ ደርሰህ ግን አልሳቁም። መሐረባቸውን አወጡና ከዓይናቸው ላይ ዱቄት ጠረጉ። ዱቄት ይሁን ሌላ እግዚአብሔር ያውቃል። ከዚያ ቀና ሳይሉ አንዲት ቃል ተናገሩ።

«ይሁን» አሉ።

እንዴት አድርገው አሉት? እንግዲህ ጠይቁኝ! እዚያ የነበሩት ሰዎች እስከዛሬ ይከራከራሉ። «ልባቸው ተሰብሮ ነው» የሚሉ አሉ። «የለም፣ መረቁት እንጂ» የሚሉ አሉ። ያችው ቃል፣ ያው ቤት፣ ያው ሰዓት። ሁለት ጆሮ፣ ሁለት ታሪክ። ነገሩ ከመጀመሪያው ተጀመረ።

ወገኖቼ፣ አሁን ወደ እናንተ ልመለስ።

ከእናንተ መካከል ከልጅነቱ ጀምሮ አንድ ትንፋሽ ተሸክሞ የሚዞር የለም? አንድ መምህር በአንድ ክፉ ቀን «አንተ አይሆንልህም» ብሎህ፣ መምህሩ ያንኑ ዕለት ማታ ረስቶት፣ አንተ ግን ሃያ ዓመት ይዘኸው የለም? እናትሽ በሠርግሽ ቀን ዝም ስላለች፣ ዝምታዋን እንደ ፍርድ ቆጥረሽ በትዳርሽ ቤት ውስጥ እንደ እንግዳ የምትኖሪ የለሽም? ያ ዝምታ ድካም ቢሆንስ? ጫማዋ ጠቧት ቢሆንስ?

ጥቁሩን ነጭ በሉት አልልም። ይሁን እግሩ ቀጥ ብሏል አላለም። በቅሎ ተቀምጦ ነው የሄደው። መልካም አስተሳሰብ ማለት ያለውን የለም ማለት አይደለም። ሊታወቅ የሚችል ነገር ካለ ሂዱና ጠይቁ፤ «መቼ ጠየቅኸኝ» የሚሉ ሰዎች በየበረንዳው ተቀምጠዋል። ደግሞም የራሳችሁን መንገድ ስትመርጡ ያሳደጋችሁን ሰው ረግጣችሁ እለፉ አላልኳችሁም። እሱ ድንጋዩን ወቅሮ ነው የሄደው። ይቅርታ ጠይቆ ነው የሄደው።

ግን ጠይቃችሁ፣ ጠይቃችሁ፣ ምስክር ያለቀበት ነገር አለ። የሞተ አባት ድምፅ አለ። ማንም ሊያረጋግጠው የማይችል ትንፋሽ አለ። እዚያ ላይ ስትደርሱ መራጮቹ እናንተ ናችሁ። ሳትመርጡ ብትቀሩም መርጣችኋል፤ ይሁን ሠላሳ አንድ ዓመት ሳይመርጥ የመረጠው የግድግዳውን ታሪክ ነበር።

እና ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ከአፋችሁ የሚወጣው «እሺ» የእናንተ ነው? ወይስ ልሳችኋል? የመጣው ሁሉ እያለፈባችሁ ነው? ልጄ፣ ያን ትምህርት የምትማረው አንተ ነህ ወይስ የጎረቤት አፍ? እኅቴ፣ «ይሁን» ስትዪ እየተኛሽ ነው ወይስ እየተነሣሽ?

ታሪኩን ልጨርስላችሁና ወደየቤታችሁ ትሄዳላችሁ።

ያን ቅዳሜ ቁልቁለቱን ሲወርዱ ጤናዬ በቅሎዋን እየሳበች ነበር። ይሁን በላይዋ ተቀምጧል፤ መውቀሪያውን በጨርቅ ጠቅልሎ ጭኑ ላይ ይዟል። ሁለቱ ሴቶች ፈንጠር ብለው ከፊት ይሄዳሉ። ወንዙ ገና ከታች ነው።

ጤናዬ ወደ ኋላ ዞር ብላ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅህ?» አለችው።

«ጠይቂኝ።»

«ጋሼ ደርሰህ ተቀይመው ነው ወይስ መርቀው የሸኙህ? እኔ እንጃ፣ አልለየልኝም።»

ይሁን ልጓሙን ያዝ አደረገና በቅሎዋን አቆማት። በዚያ አገር እንደ እሱ ያለ ጆሮ አልነበረም ብያችኋለሁ። ያቺን «ይሁን» በልቡ እየደጋገመ አዳመጣት፤ እሱም አልለየለትም። ከላይ ከከተማው የወፍጮው ድምፅ ይሰማል። እንደገና ተነሥቷል፤ ድንጋዩ በደንብ ይዟል።

ከዚያ ከፊት ያሉት ሴቶች ዞር እስኪሉ ድረስ ከፍ ባለ ድምፅ፣

«መርቀውኛል!» አለ። «እኔ ምርቃቱን ይዣለሁ።»